እርፍ መያዝ ላቃተው ገበሬ፦ ከ1967 ወዲህ ያለው ድጋፍ ሲዳሰስ

ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ ወጥቶ ሆለታ የሚደርስ መንገደኛ መናገሻን ያልፋል። መናገሻ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በፖሊዮ የተጎዱ ሕፃናትን በክራንችና በድጋፍ ብረት ሲያቆም የኖረው የቼሻየር ማዕከል አለ። ሆለታ ላይ ደግሞ የግብርና ምርምር ማዕከልና የንብ ምርምር ማዕከል አሉ። ዙሪያው የገብስ፣ የስንዴ፣ የድንችና የወተት አገር ነው። እግር የሚያቆመው ሙያና እርሻን የሚያሻሽለው ሙያ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው፤ አካል ጉዳተኛ ገበሬ ዘንድ አብሮ የሚደርስ አገልግሎት ግን አልተሠራላቸውም። ያለፉትን ሃምሳ ዓመታት ስንቃኝ ምክንያቱ ይታያል፦ መንግሥት ይህን ገበሬ በየተራ በሽተኛ፣ ተቀጣሪና ተረጂ አድርጎ አየው፤ አራሽ አድርጎ ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክል፣ ለታመመና ላረጀ ባለይዞታ ግን ፈቅዶ ነበር። ይህ ደካማውን ከመሬቱ እንዳይነቀል ጠበቀው፤ የሚያርስበትን መላ ግን አላበጀለትም። መላው የመጣው ከጎረቤት ነው። እርፍ መያዝ ያልቻለ መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ያገኛል። ወንፈል ጉልበትን በጉልበት መመለስ ስለሚጠይቅ መመለስ የማይችለውን ያስቀረዋል፤ ደቦም ቢሆን ለሠራተኛው ምግብና ጠላ ማዘጋጀት ይፈልጋል። መሬቱ በይዞታው ያለ ሰው በአዝመራው ግማሽ ብቻ ይኖራል።

ቀጥሎ የደርግ ዘመን ጦርነቶች ሰው ሠራሽ እግር የሚያስፈልገውን ሰው አበዙ። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ የአካል ተሃድሶ ሥራን ደግፏል። በ1983 የተቋቋመው ኮሚሽን ደግሞ የቀድሞ ወታደሮችንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የማቋቋም ኃላፊነት ተሰጠው፤ ወደ ገጠር ለተመለሱት የእርሻ መሣሪያና ዘር ከድጋፎቹ መካከል ነበሩ። ከሁሉም ዘመን ይልቅ ጉዳተኛው እንደ ገበሬ የታየው ያኔ ነው፤ የታየውም ወታደር ስለነበረ ነው።

ከዚያ በኋላ የሕግ ዘመን መጣ። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደነገገ፤ በ2002 ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጸደቀች። ሁለቱም ትልቅ ድል ናቸው። የስምሪት አዋጁ ግን አሠሪና ሠራተኛ ላሉበት ቦታ የተጻፈ ነው፤ የራሱን ማሳ የሚያርስ ሰው ማንን ይጠይቅ? ከ1997 ጀምሮ የሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት ለማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙዎችን ከረሃብ አድኗል፤ ነገር ግን ሰውን «መሥራት የሚችል» እና «የማይችል» ብሎ ለሁለት ሲከፍል፣ ሥራው ቢስተካከልለት የሚችለው መሐል ላይ ይቀራል።

የኤክስቴንሽን ሥርዓታችን በየቀበሌው ለሰብል፣ ለእንስሳትና ለተፈጥሮ ሀብት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን መድቧል። ትኩረቱ ግን ቶሎ ውጤት በሚያሳየው ሞዴል አርሶ አደር ላይ ነው። በ2006 ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር የግብርና ምክርን በድምፅ ማሰማቱ፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ ለዓይነ ስውሩ ገበሬ በር ከፍቷል። መስማት ለተሳነው ግን በድምፅ የሚከፈት በር ዝግ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አካል ጉዳተኛ ገበሬን በእርሻው ላይ የማገዝ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 ጀመረ፤ በ1990 የወጣው የእርሻ ሕግም አገራዊ ፕሮግራም እንዲሆን መንገድ ጠረገ። የሥራው መነሻ ቀላል ነው፦ ባለሙያ ወደ ገበሬው ማሳ ሄዶ የትኛው ሥራ እንዳስቸገረው ይጠይቃል፤ ከዚያ መሣሪያውን ወይም አሠራሩን ይለውጥለታል። ለዚህ የእነሱን ትራክተር መጠበቅ አያስፈልገንም። ዛፍ ላይ የሚሰቀል ባህላዊ ቀፎ መውጣት ለማይችል አይሆንም፤ መሬት ላይ በማቆሚያ የሚቀመጠው የሽግግር ወይም ዘመናዊ ቀፎ ግን ይሆናል። ራቅ ካለ ግጦሽ ከብት መከተል ያልቻለች ሴት ግቢዋ ውስጥ መኖ አቅርባ ላም ማለብ ትችላለች።

ስለዚህ የሚቀጥለው እርምጃ አዲስ መሥሪያ ቤት አይጠይቅም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቀበሌው ያለውን አካል ጉዳተኛ ገበሬ መዝግቦ፣ ቤቱ ድረስ ሄዶ «ምን አቃተህ?» ከማለት ይልቅ «ምን ማምረት ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጀምር። የተሃድሶ ማዕከሉ ታካሚውን ሲያሰናብት የእርሻ ባለሙያው ይወቅ። የምርምር ማዕከላቱም መሣሪያ ሲፈትሹ በአንድ እጅ ወይም ተቀምጦ የሚሠራውን ገበሬ ከፈታሾቹ መካከል ያስገቡ። መሬቱን በእጁ ያቆየለት ሕግ ከወጣ ሃምሳ ዓመት አልፎታል፤ ሙሉ አዝመራውን እንዲያስገባ ማገዝ የእኛ ዘመን ዕዳ ነው።