የአናት ቅቤ አንጎል ይደርሳል?

በጎንደር ከተማም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ በተወለደ ሕፃን እርግብግቢት ላይ ለጋ ቅቤ ማድረግ፣ አንዳንዴም ገና ጡት ሳይዝ ማስዋጥ የቆየ ልማድ ነው። ለምን ሲባል «አንጎሉን ያጠነክረዋል» ይባላል። እምነቱ ግማሹ እውነት ነው፤ በቀላሉ የማይነቀለውም ለዚህ ይመስለኛል። ውኃው ቢወጣለት ከቀሪው የአንጎል ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ ነው። ስህተቱ ስብ ሁሉ አንድ ነው፣ ከላይ ቢቀባም ውስጥ ይደርሳል ማለቱ ላይ ነው።

የነርቭ ሴል አጥብቆ የሚፈልገው ዲኤችኤ የተባለውን የኦሜጋ 3 ስብ ነው። ይህ ስብ ለሴሉ ሽፋን ማገር ሆኖ ብቻ አይቀርም፤ ሰውነት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እየለወጠ መልእክት ያስተላልፍበታል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከዲኤችኤ የሚገኘውን ሲናፕታማይድ፣ ለትውስታ ከሚያገለግለው የአይጥ አንጎል ክፍል በወሰዷቸው ሴሎች ላይ ሞከሩት። እጅግ ጥቂቱ እንኳ የሴሎቹን ቅርንጫፎች አስረዘመ፤ እርስ በርስ የሚገናኙበትንም ቦታ አበዛ። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ መልእክቱን የሚቀበለው የሴል ክፍል ጂፒአር110 መሆኑ ታወቀ። የአይጥ ሴል ውጤት እንዳለ ለሰው ልጅ እንደማይገለበጥ ግልጽ ነው። መንገዱን ግን ያሳየናል፤ ስቡ በደም ተጉዞ ሴሉ ዘንድ መድረስና እዚያ መለወጥ አለበት። ቅቤ ውስጥ ደግሞ ዲኤችኤ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ይመጥጠዋል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ሕንድ ውስጥ በጨቅላዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከተቀባ ዘይት ጥቂት ስብ ወደ ደም እንደሚያልፍ አሳይቷል። ነገር ግን ቆዳ የሚያሳልፈው ዘይቱ ያለውን ነው፤ ቅቤ የሌለውን ከየት ያመጣል? «ተልባ አለን» የሚለው ክርክር የበለጠ ይከብዳል። ከተልባ ዘይት ግማሽ በላይ የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ ነው፤ ሰውነት ይህን ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ግን በጣም በጥቂቱ ነው። የሚያጠቡ እናቶች የተልባ ዘይት ሲወስዱ በወተታቸው ውስጥ ያለው ዲኤችኤ ከፍ አለማለቱም ታይቷል። አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሆነው የኑግ ዘይትም ለዚሁ ለውጥ የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ይሻማል። ተልባ አይበላ ማለቴ አይደለም፤ ብቻውን አይበቃም እንጂ።

ለሕፃኑ ዲኤችኤ የሚደርሰው በማኅፀን ሳለ በእንግዴ ልጅ፣ ከተወለደ በኋላ በጡት ወተት ነው፤ በወተቱ ውስጥ ያለው የዲኤችኤ መጠንም እናቲቱ በምትበላው ይወሰናል። ዓሣና እንቁላል የሚረዱት እዚህ ላይ ነው። ጣና ለደምቢያና ለጎርጎራ ቅርብ ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ ጎንደር ገበያም ይደርሳል። ጾም የሚያሳስባት ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ጋር ትመካከር። ቅቤው ለፀጉር ይቅር፤ ወደ ሕፃኑ አፍ ግን አይግባ። በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ፤ እስከ 6 ወር ድረስም ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይቅመስ።