የአቀንጭራ ዘር በአፈር ውስጥ እንዴት ይቆያል?

ከደሴ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወደ ሐርቡና ባቲ በተወረደ ቁጥር ማሽላ የገበሬው ዋና እህል እየሆነ ይመጣል፤ አቀንጭራም እዚያው ይጠብቀዋል። ማሳውን ሁለት ዓመት ሌላ ሰብል ዘርቶበት ወደ ማሽላ የተመለሰ ገበሬ ያው ወይን ጠጅ አበባ ብቅ ሲልበት መሬቱ የተረገመ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን የዘሩ ጠባይ ነው።

አንድ የአቀንጭራ ተክል ከ50,000 እስከ 200,000 ዘር ሊያፈራ ይችላል። የአንዱ ዘር ርዝመት የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ስለሆነ ከትቢያ አይለይም። ይህ ዘር በአፈር ውስጥ ሕይወቱን ሳያጣ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

በጨው ሐይቅ የሚኖረው የትንሹ ሽሪምፕ እንቁላልም እንዲሁ ደርቆ ለዓመታት ከቆየ በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። አቀንጭራን ግን ዝናብ ብቻውን አያታልለውም። ዘሩ በመጀመሪያ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት እርጥበትና ሙቀት ማግኘት አለበት። ከዚያም የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን የተባለ ንጥረ ነገር ሊደርሰው ይገባል። ይህን ካላገኘ ተመልሶ ይተኛል። ለዚህ ጥንቃቄው በቂ ምክንያት አለው፤ ስንቁ ለጥቂት ቀናት ብቻ ስለሚበቃው፣ ከማሽላ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር ርቆ ቢበቅል እንኳ መሞቱ ነው።

ማሽላው ይህን ንጥረ ነገር የሚለቀው ጠላቱን ለመጥራት አይደለም። ፎስፎረስ ባነሰው መሬት ሥሩን የሚረዱ ፈንገሶችን ለመሳብ ነው። ስለዚህ የደከመ መሬት አቀንጭራን ይቀሰቅሳል፤ ፍግና ማዳበሪያ መጨመር ለምርቱ ብቻ ሳይሆን ለዚህም ይጠቅማል።

ንጥረ ነገሩ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1966 ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ ዘሩን ያበቅለዋል እንጂ አይመግበውም፤ የበቀለውም ይሞታል። ሰሊጥና አኩሪ አተርም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1956 ሌላ የአቀንጭራ ዝርያ በካሮላይና ባገኙ ጊዜ ኤትሊን የተባለ ጋዝ ወደ አፈር እየከተቱ ዘሩን ያለ ማሽላ ያበቅሉት ነበር። ለእኛ ገበሬ ጋዙ የማይሞከር ነው፤ ሰብሉ ግን በእጁ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ወቅት ብቻ ማፈራረቅ ከብዙ ዓመት የተጠራቀመውን ዘር አይጨርሰውም።

ጎቢዬና አብሽር የተባሉት የማሽላ ዝርያዎች ንጥረ ነገሩን በጥቂቱ ብቻ ስለሚለቁ ብዙውን ዘር አይቀሰቅሱም። በማሽላና በአቀንጭራ ላይ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል።

አቀንጭራ ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ማሽላውን መጉዳት ስለሚጀምር፣ መንቀል የዘንድሮውን ምርት ብዙም አያድንም። የሚጠቅመው ለመጪዎቹ ዓመታት ነው፤ ሳያብብ መነቀል አለበት። ካበበ በኋላ የተነቀለ ከማሳው ወጥቶ ይቃጠል፤ ለከብት አይሰጥ። ዘሩ በከብት ሆድ አልፎ ከፍጉ ጋር ንጹሕ ማሳ ሊገባ ይችላልና። ሰኞ ከባቲ ገበያ የተገዛ በሬ ፍጉ ለጥቂት ቀናት ለብቻው ቢጠራቀም መልካም ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው የሚያከፋፍሉት የማሽላ ዘር ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ይጠይቁ፤ አቀንጭራ ከታየበት ማሳ የተሰበሰበው ለምግብ ይዋል እንጂ ለዘር አይቀመጥ።