አንድ ደን ስንት ያወጣል?

ሲቪላይዜሽን 6 በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ከተማችሁ አጠገብ ያለ ደን ሁለት ዓይነት ጥቅም አለው። ሳይነካ ከቆየ፣ ዜጎች እየሠሩበት በየተራው ጥቂት ምርት ይሰጣል። የማዕድን ቁፋሮ ዕውቀት ካገኛችሁ ደግሞ ግንበኛ ልካችሁ ልታስመነጥሩት ትችላላችሁ፤ ያኔ በመነሻው ስሌት 20 ምርት ባንድ ጊዜ ወደ ከተማዋ ሥራ ይገባል። የጨዋታው ሠሪ ፊራክሲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲያወጣው ነገሩ ቀላል ምርጫ ይመስል ነበር። ተጫዋቾች ግን ቁጥሩን መከታተል ሲጀምሩ ከሥሩ ሌላ ነገር እየወጣ መጣ።

መጀመሪያ የታየው 20ው ቋሚ አለመሆኑ ነው። በቴክኖሎጂ ወይም በሥልጣኔ ዕድገት በገፋችሁ መጠን የምንጣሮው ምርት አብሮ ያድጋል፤ ዘግይቶ የተመነጠረ ደን ቀድሞ ከተመነጠረው ብዙ እጥፍ ያወጣል። ታዲያ መጠበቅ ይሻላል? እዚህ ላይ ሁለተኛው ነገር መጣ። ከተማዋ በዙሪያዋ የምትሠራቸው ቀጠናዎች ዋጋም ከዕድገቱ ጋር ይንራል፤ ስለዚህ መጠበቁ ብቻውን ትርፍ የለውም። ነገር ግን የቀጠናው መሠረት በካርታው ላይ በተጣለበት ተራ ዋጋው እዚያው ይቆማል። ለትምህርት ቀጠና ቦታ ይዛችሁ ሥራውን ብታቆዩት፣ ከብዙ ተራ በኋላ የምትከፍሉት የድሮውን ዋጋ ነው፤ ደኑ ግን የሚሰጣችሁ የአሁኑን ምርት ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሌላ የዋጋ ልዩነት አላውቅም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይፈልጋል፦ ቀጠናው የሚያርፈው ራሱ ደኑ ላይ ከሆነ ቀድማችሁ መንጥሩ፤ አለዚያ ደኑ ያለ ምንም ምርት ይጠፋል።

ሦስተኛው ግኝት ከሁሉም ይበልጣል። ለመንግሥታችሁ የምትመርጧቸው የፖሊሲ ካርዶች የሚጨምሩት መቶኛ ለከተማዋ የዘወትር ምርት ብቻ የተሰጠ ይመስላል። ግን ለምንጣሮውም ይሠራል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2018 ራይዝ ኤንድ ፎል የተባለው የጨዋታው ማስፋፊያ ሲወጣ ማግነስ የሚባል አገረ ገዥ መጣ፤ እሱ በተቀመጠበት ከተማ የደን ምንጣሮና የሀብት አጨዳ ምርት 50 በመቶ ይጨምራል። አሁን እናስላው። ለሰፋሪዎች 50 በመቶ የሚጨምረው ካርድ በእጃችሁ አለ፤ ከተማዋም ሰፋሪ እያዘጋጀች ነው። 20 የነበረው ደን በማግነስ 30፣ በካርዱ ደግሞ 45 ይሆናል። የመጀመሪያው ሰፋሪ ዋጋ 80 ነው። በባዶው ስሌት አራት ደን የሚጠይቀውን ሥራ ሁለት ደን ጨርሶ 10 ይተርፈዋል። ማግነስ ከተማው ውስጥ እስኪደላደል አምስት ተራ ይወስድበታልና፣ መጥረቢያው እስከዚያ መታገሥ አለበት።

ያ የሚተርፈው ነገር የተጫዋቾችን ዓይን ሳበ። ለመከላከያ ቅጥር 100 በመቶ የሚጨምር ሊሜስ የሚባል ካርድ አለ። ቅጥሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ደን ሲመነጠር ምርቱ እጥፍ ሆኖ ይገባል፤ ቅጥሩ የሚፈልገው ጥቂት ስለሆነ የቀረው፣ እጥፉን እንደያዘ፣ ወደሚቀጥለው ሥራ ይሻገር ነበር። በቅጥር ስም የተገኘ ጭማሪ ፒራሚድ ሠራ ማለት ነው። ፊራክሲስ በኋላ ባወጣው ማስተካከያ ይህን ዘጋው። ደግ አደረገ እላለሁ፤ ቅጥር የማያስፈልገው ከተማ ሁሉ ለትርፉ ሲል ቅጥር የሚያጥርበት ጨዋታ የስትራቴጂ ጣዕሙን ያጣል። ካርዱን ከተገቢው ሥራ ጋር አገጣጥሞ መመንጠር ግን ዛሬም ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ዳግማዊ ምኒልክ ኢትዮጵያን ይዘው ወደ ጨዋታው ሲገቡ ስሌቱ እንደገና መታየት ነበረበት። እስከዚያ ድረስ ስንዴውንም፣ አጋዘኑንም፣ ድንጋዩንም ማጨድ እንደ ደን ምንጣሮ ይቆጠር ነበር። የኢትዮጵያ መለያ የሆነው የአክሱም ቅርስ ግን የለማ ሀብት ሁሉ በየተራው እምነት እንዲያስገኝ ያደርጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሚባለው የምኒልክ ችሎታ ደግሞ በኮረብታ ላይ የተቆረቆረ ከተማ ከሚያፈራው እምነት 15 በመቶውን ያህል ሳይንስና ያንኑ ያህል ባህል ይጨምርለታል፤ እምነቱ 40 ከሆነ 6 ሳይንስና 6 ባህል ይገኛል። እምነቱ ራሱም አይቀነስም። ስለዚህ የታጨደ ስንዴ አንድ ጊዜ ምግብ ሰጥቶ ያልቃል፤ የታረሰው ስንዴ ግን ምግቡንም፣ እምነቱንም፣ ዕውቀቱንም እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ያመጣል። ደን ከእነዚህ ሀብቶች ውስጥ አይቆጠርም፤ ስለዚህ የአክሱም ቅርስ አይከልለውም።

እንግዲህ ምኒልክን ይዛችሁ ስትጀምሩ ከተማውን ኮረብታ ላይ ቆርቁሩ፣ ስንዴውን እረሱ፣ ድንጋዩን ፍለጡ፣ አጋዘኑን አታጥፉ። ደኑን ግን ማግነስ ሲደላደል፣ ትክክለኛው ካርድ ገብቶ ሰፋሪው ሥራ ላይ ሲሆን መንጥሩት።