ነፍሰ ጡርን ከመንቀጥቀጥ የሚያድነው ማግኒዥየም ሰልፌት፤ ጥቅሙ፣ አደጋውና የገበሬ ማኅበራት ድርሻ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከጉና ተራራ ደጋ ተነስተው እስከ በሽሎና አባይ ቆላ የሚወርዱ፣ ገደልና ሸለቆ የበዛባቸው አገሮች ናቸው። በደጋው ገብስና ድንች፣ በወይና ደጋው ጤፍና ስንዴ፣ በቆላው ማሽላ የሚያመርተው ገበሬ አብዛኛው የሚኖረው ከመኪና መንገድ ርቆ ነው። ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው መንገድ ለጥቂቱ ቅርብ ሲሆን ለብዙው ግን የሰዓታት የእግር ጉዞ ይጠይቃል።

ይህ ርቀት ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ነፍሰ ጡርንና ወላድን ነው። በተለይም በእርግዝና ጊዜ የሚነሳው የደም ግፊት መንቀጥቀጥ አስከትሎ እናትንም ልጅንም በአንድ ቀን ሊወስድ ይችላል። ለዚህ በሽታ ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባል ርካሽና ፍቱን መድኃኒት አለ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ የሚያድነው በጊዜ ሲደረስለትና በሠለጠነ እጅ ተለክቶ ሲሰጥ ብቻ ነው። መለካቱ የጤና ባለሙያው ሥራ ነው፤ በጊዜ ማድረሱ ግን በአብዛኛው በጎረቤትና በገበሬ ማኅበር እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

በሽታው እንዴት ይታወቃል?

በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአምስተኛው ወር እርግዝና በኋላ ነው። የደም ግፊቷ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ የተገኘ ነፍሰ ጡር የቅርብ ክትትል ያስፈልጋታል። 160 በ110 ከደረሰ አጣዳፊ ሕክምና የሚጠይቅ አደጋ ነው። ክፋቱ በመጀመሪያው ላይ ሕመም የማይሰማት መሆኑ ነው። ሴትዮዋ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች፣ አረም ታርማለች፤ ግፊቱ ግን በውስጥ እየጨመረ ይሄዳል። ስለሆነም ሳይለኩ ማወቅ አይቻልም።

እየከፋ ሲሄድ ግን ምልክት ይሰጣል። ይኸውም የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከደረት በታች በሆድ የላይኛው ክፍል የሚሰማ ሕመም፣ እንዲሁም የፊትና የእጅ ማበጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ የታየባት ነፍሰ ጡር እስከ ነገ መቆየት የለባትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መውደቅ፣ መንዘፍዘፍና ራስን መሳት ነው። ሐኪሞች ይህን ደረጃ ኤክላምፕሲያ ይሉታል።

በሽታው ማንኛዋንም ነፍሰ ጡር ሊይዝ ይችላል። ሆኖም የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች፣ ዕድሜዋ ገና ለጋ የሆነ ወይም ከ35 ዓመት ያለፈ፣ መንታ የያዘች፣ ቀድሞም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ የነበረባት የበለጠ ያሰጋታል። ከ18 ዓመት በታች ልጅ መዳር በሕግ የተከለከለ ነው። ያለዕድሜ የተዳረች ልጅ በለጋነቷ የመጀመሪያ እርግዝና ስለሚገጥማት ሁለቱን ስጋቶች በአንድ ላይ ትሸከማለች። መንቀጥቀጡ ከወሊድ በኋላም፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል «በሰላም ተገላግላለች» ተብሎ ወላዷን መርሳት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንፃር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 412 ወርዷል። መሻሻሉ ከፍተኛ ቢሆንም የቀረው ብዙ ነው። በዓለም ደረጃ የደም ግፊት ከደም መፍሰስ ቀጥሎ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ከከብት ውኃ እስከ ሆስፒታል

ማግኒዥየም ሰልፌት ጨው መሰል ነገር ነው። እንደሚነገረው እ.ኤ.አ. በ1618 በእንግሊዝ አገር ኤፕሰም በሚባል ስፍራ አንድ ገበሬ ከብቶቹ በጥም ተቃጥለው ሳለ ከአንድ ጉድጓድ ውኃ አንጠጣም ማለታቸውን አስተዋለ። ውኃው መራራ ነበር። ሲደርቅ የተገኘው ነጭ ጨው ሆድ የሚያስቀምጥ ሆኖ በመገኘቱ በስፍራው ስም የኤፕሰም ጨው ተባለ። ዛሬም ቢሆን ሆድ ለደረቀበት ሰውና ከብት ማስቀመጫ ሆኖ ይሰጣል፤ ለአትክልት ማዳበሪያነትም ያገለግላል።

እዚህ ላይ ገበሬው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ ለከብት ወይም ለአትክልት የተሸጠ ዱቄት ለነፍሰ ጡር መድኃኒት አይሆንም። በአፍ የተወሰደ ማግኒዥየም ሰልፌት ሆድ ያስቀምጣል እንጂ መንቀጥቀጥን አያቆምም። መንቀጥቀጥን የሚያቆመው ለመርፌ ተብሎ በንጽሕና የተዘጋጀው፣ በደም ሥርና በጡንቻ የሚሰጠው ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሐኪሞች ለመንቀጥቀጥ ሕመም መሞከር የጀመሩት ይህ መድኃኒት ለብዙ ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ክርክሩ የተዘጋው በሁለት ታላላቅ ጥናቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ጥናት ማግኒዥየም ሰልፌት መንቀጥቀጡ እንዳይደገም በማድረግ ረገድ ዳያዜፓምና ፊኒቶይን ከሚባሉት መድኃኒቶች እንደሚበልጥ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና በ33 አገሮች ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች የተካፈሉበት ማግፓይ የተባለው ጥናት ደግሞ ግፊት ያለባቸው ሴቶች አስቀድመው ቢወስዱት በመንቀጥቀጥ የመያዝ አደጋቸው ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

አዳኙ መድኃኒት ገዳይ እንዳይሆን

መድኃኒቱ የሚሠራው የተቆጣውን ነርቭና ጡንቻ በማርገብ ነው። ኃይሉም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። መጠኑ ከበዛ የሚያረግበው የሚንቀጠቀጠውን ጡንቻ ብቻ ሳይሆን የሚያስተነፍሰውንም ጭምር ነው። በመጀመሪያ ጉልበት ሲመታ እግር መወርወሩን ይተዋል፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ይደክማል፤ በመጨረሻም ልብ ሊቆም ይችላል።

ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ነው። መስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። መፍሰሻው የተዘጋ ቦይ ገቢው ትንሽም ቢሆን ሞልቶ ማሳውን እንደሚያጥለቀልቅ ሁሉ፣ ሽንቷ የቀነሰ ሴትም ትክክለኛው መጠን እየተሰጣት መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ በሕክምናው ጊዜ የሽንት መለኪያ ከረጢት የሚደረግላት ለዚህ ነው።

በስፋት በሚሠራበት አሰጣጥ የመጀመሪያው መጠን በድምሩ 14 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ 4 ግራሙ በውኃ ቀጥኖ በደም ሥር በዝግታ፣ 10 ግራሙ ደግሞ በሁለቱም ዳሌ 5 ግራም 5 ግራም ሆኖ ከማደንዘዣ ጋር ይወጋል። ከዚያም በየ4 ሰዓቱ 5 ግራም እየተሰጠ፣ ከወለደች ወይም ለመጨረሻ ጊዜ ከተንቀጠቀጠች በኋላ 24 ሰዓት እስኪሞላ ይቀጥላል። ይህ እዚህ የተጻፈው ማንም ሰው እንዲሞክረው ሳይሆን፣ ሥራው ምን ያህል ልክና ክትትል እንደሚጠይቅ እንዲታወቅ ነው።

የሚቀጥለው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያው ሦስት ነገሮችን ያረጋግጣል። አንደኛ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ያላነሰ መሆኑን ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መትቶ እግሯ መወርወሩን ያያል። ሦስተኛ፣ ባለፉት 4 ሰዓታት ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከቡና ሲኒ ግማሽ ገደማ ያላነሰ መሆኑን ይለካል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆያል። ትንፋሿ ከደከመ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ነው፤ በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል። ስለሆነም ማግኒዥየም ባለበት ሁሉ ማርከሻው አጠገቡ መገኘት አለበት።

አስታማሚዎችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። መርፌው ሲሰጥ ሴትዮዋ መላ ሰውነቷን ሙቀት ሊሰማት፣ ሊያልባት ወይም ሊያቅለሸልሻት ይችላል። ይህ የሚጠበቅ ስለሆነ «መድኃኒቱ አልተስማማትም» ብሎ ከሕክምና ማውጣት አያስፈልግም። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ብትደነዝዝ፣ አነጋገሯ ቢጎተት ወይም ትንፋሿ ቢቀንስ ወዲያውኑ ባለሙያውን መጥራት ይገባል።

ከዚህም ሌላ ማግኒዥየም ሰልፌት መንቀጥቀጡን እንጂ የደም ግፊቱን አያወርድም። ለግፊቱ ሌላ መድኃኒት ይሰጣል። የበሽታው መሠረታዊ መፍትሔ ደግሞ መገላገል በመሆኑ ጤና ጣቢያው የመጀመሪያውን መጠን ሰጥቶ ወደ ሆስፒታል ሲልካት «አሁንማ ተሽሏት የለም ወይ» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። በንፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ ሆስፒታሎች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ ለሆነው ደግሞ የደብረ ታቦር ሆስፒታል አለ።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ነፍሰ ጡር ወድቃ ስትንዘፈዘፍ ብዙ ጊዜ ልክፍት ነው ይባላል፤ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ጥርስን በማንኪያ መፈልቀቅ፣ በአፏ ውኃ ማንቆርቆር የተለመደ ነው። እነዚህ ሁሉ ይጎዳሉ። ጭሱ ትንፋሽ ያውካል፣ ማንኪያው ጥርስ ይሰብራል፣ ራሷን በሳተች ሴት አፍ የገባ ውኃ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጸሎቱ አይከልከል፤ የሚጠጣና የሚበላ ነገር ግን ወደ አፏ አይቅረብ።

ተገቢው እርዳታ ቀላል ነው። ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በግራ ጎኗ ማስተኛት፣ ምራቋ ወደ ውጭ እንዲፈስ ማድረግ፣ በኃይል አለመጨቆን ነው። መንቀጥቀጡ ጋብ እንዳለ ጊዜ ሳይባክን በቃሬዛ ወይም በተገኘው መኪና ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። የክትትል ካርዷ ካለ አብሮ ይያዝ፤ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ዘመዶችም ይከተሉ።

ጤና ኬላ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዋና ሥራዋ ግፊቱን ቀድማ መለየትና መላክ ነው። ሆኖም ለክታ «ዛሬውኑ ሂጂ» ያለቻት ሴት በቤተሰብ ምክር ሁለትና ሦስት ቀን የምትቆይ ከሆነ መለካቱ ዋጋ የለውም።

ክረምትና መንገድ

በክረምት ወንዝ ሞልቶ፣ መንገድ ጨቅይቶ አምቡላንስ የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሳው ግጭትም የመኪና ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎ ቆይቷል። ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔው ችግሩ ሳይመጣ መቅረብ ነው። በጤና ተቋማት ግቢ የሚሠሩት የእናቶች ማቆያ ቤቶች ዓላማም ይኸው ነው። የመውለጃዋ ቀን የተቃረበና ስጋት ያለባት ነፍሰ ጡር እዚያ ሆና በየቀኑ ትለካለች፤ ቢብስባት መድኃኒቱ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

የማቆያ ቤት ጥቅም በአገራችን የታየ ነው። በጉራጌ በሚገኘው በአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 በነበሩት 22 ዓመታት ከወለዱት 24,148 እናቶች መካከል 6,805ቱ በማቆያው የቆዩ ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የሞቱት በ100 ሺህ ሲሰላ 90 ያህል ሲሆኑ፣ ሳይቆዩ ከመጡት ግን ከ1,300 ይበልጡ ነበር። ከቤት የመጡት ብዙዎቹ ከታመሙ በኋላ የደረሱ መሆናቸው ልዩነቱን ቢያሰፋውም፣ ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ቀድሞ የቀረበ ይተርፋል።

የመሪዎች ተግባር

የገበሬ ማኅበራት መሪዎች መርፌ መያዝ አይጠበቅባቸውም። ነገር ግን የሚከተሉትን ማድረግ ይችላሉ።

አንደኛ፣ በቀበሌው ያሉ ነፍሰ ጡሮች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መመዝገባቸውንና ግፊታቸው መለካቱን መከታተል። ሁለተኛ፣ በየጎጡ ቃሬዛና ተሸካሚ ጎረቤቶችን አስቀድሞ መመደብ፤ ሌሊት ማን እንደሚጠራ፣ የትኛው ወንዝ ሲሞላ በየት እንደሚዞር መወሰን። ሦስተኛ፣ ለማቆያ ቤት እህልና ማገዶ ከምርት በኋላ ማሰባሰብ፤ በአረምና በአጨዳ ወቅት ደግሞ ነፍሰ ጡር የገባችበትን ቤት ማሳ በደቦ ማገዝ። ብዙዋ ሴት ወደ ማቆያ የማትሄደው ቤቷና ልጆቿ ስለሚቀሩባት ነውና።

አራተኛ፣ በጤና ጣቢያ ቦርድ ስብሰባ ላይ ግልጽ ጥያቄ መጠየቅ። ማግኒዥየም ሰልፌት አለ ወይ? የመጠቀሚያ ጊዜው አላለፈም ወይ? ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት አጠገቡ አለ ወይ? የግፊት መለኪያው ይሠራል ወይ? በሌሊት ተረኛ ባለሙያ አለ ወይ? መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ ዋጋውም ቀላል በመሆኑ «የለም» የሚለው መልስ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ነፍሰ ጡሯ ራስ ምታት በተሰማት ዕለት ግፊቷ ከተለካ፣ ጎረቤት ቃሬዛ ካነሳ፣ ጤና ጣቢያውም መድኃኒቱን ከነማርከሻው ይዞ ከጠበቀ፣ ከስማዳ ቆላ የተነሳችው እናት ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ዕድል ሰፊ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የሌሎቹ ድካም ከንቱ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር ክረምት ከመግባቱ በፊት የነፍሰ ጡሮቹን መዝገብ፣ የቃሬዛ ተረኞቹንና የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ክምችት አይቶ የጎደለውን ሊያሟላ ይገባዋል።