ከእጅ እስከ ሳንባ
ከቦሌ እስከ አያት ባሉ መድኃኒት ቤቶች የሚታደለው የሳልቡታሞል ኢንሄለር የአስም ሕመምተኛን ከመታፈን የሚታደገው መድኃኒቱ ሳንባ ሲደርስ ነው።

የታመቀው ጋዝ መድኃኒቱን እንደ ጉም ይረጨዋል። ከ5 ማይክሮሜትር የሚበልጡት ቅንጣቶች ከፍጥነታቸው የተነሣ የጉሮሮን ጥምዝ መታጠፍ ተስኗቸው በአብዛኛው እዚያው ይለጠፋሉ፤ ከ1 እስከ 5 የሆኑት ወደ ጠባቦቹ የአየር ቧንቧዎች ይዘልቃሉ።

መጫንና ትንፋሽ መሳብ ካልተገጣጠሙ ግን አብዛኛው መድኃኒት አፍ ውስጥ ይባክናል። ስፔሰር ጉሙን አዘግይቶ ያቆየዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ «ሃይላንድ» የምንለውን ዓይነት ባለ 500 ሚሊ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ግርጌው ተበስቶ ኢንሄለሩ ሲገባበትና ዙሪያው ሲታሸግ፣ አስም ለተነሣባቸው ልጆች ከፋብሪካ ስፔሰር የማያንስ ሆኖ አግኝቶታል።

ስለዚህ ተማሪዎች፣ መድኃኒቱን ሰጥታችሁ ብቻ አታሰናብቱ፤ ሕመምተኛው በፊታችሁ ሲስብ ተመልከቱ።