የታይፎይድ ጀርም ጅራት ምን ይሠራል?

ትኩሳት ይዞት ባህር ዳር ካሉት ክሊኒኮች ወደ አንዱ የሄደ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ኦ» እና «ኤች» የሚል ውጤት የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል። ለመሆኑ እነዚህ ፊደሎች ምንድን ናቸው? ምርመራው ቪዳል ይባላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናን ቪዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው። ደማችን የባክቴሪያውን ገላ ለመከላከል ያወጣው ፀረ እንግዳ አካል በ«ኦ»፣ ጅራቱን ለመከላከል ያወጣው ደግሞ በ«ኤች» ይመዘገባል።

ዛሬ የምናወሳው ስለ ጅራቱ ነው። በሳይንስ ስሙ ፍላጀለም ነው። በሥዕል ሲታይ እንደ ዓሣ ጅራት የሚወዛወዝ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ከሥሩ ባለ ሞተር የሚሽከረከር ቀጭን ክር ነው፤ ክሩም ፍላጀሊን ከተባለ ፕሮቲን በሺህ የሚቆጠር ቅንጣት ተደራርቦ የተሠራ ነው።

ታዲያ መዋኘት ብቻውን በሽታ አያመጣም። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ዳር ደረሰ ማለት ወረደ ማለት አይደለም፤ ደንገሉን ወይም ድንጋዩን መያዝ አለበት። ሳልሞኔላም ከአንጀት ሕዋስ ጋር መጣበቅ ይኖርበታል። አንዳንዶቹ የሳልሞኔላ ዓይነቶች ለዚህ ብልሃት አላቸው፦ በጅራታቸው ገጽ ላይ፣ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ላይ፣ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጂን) ይለጥፋሉ። ይህ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ቢሆንም ጥቅሙ ስድሳ ዓመት ያህል እንቆቅልሽ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2020 በታይፎይድ ጀርም የቅርብ ዘመድ ላይ የወጣ ጥናት፣ ሜቲል እንዳይለጥፉ የተደረጉት ባክቴሪያዎች እንደ ወትሮው እየዋኙ ከሕዋስ ጋር መጣበቅና ወደ ውስጥ መግባት ግን እንደቀነሰባቸው አሳየ። ሜቲል የጅራቱን ገጽ ውሃ የሚሸሽ ስለሚያደርገው ቅባትነት ካለው የሕዋስ ሽፋን ጋር ይስማማል።

ጅራቱ ግን ባለቤቱን ያጋልጣል። በሕዋሶቻችን ላይ ያለ ተቀባይ ፍላጀሊን ሲነካው ሰውነትን ይቀሰቅሳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ይከማቻሉ። የታይፎይድ ጀርም እዚህ ላይ ተንኮለኛ ነው! የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ሲገባ ፍላጀሊን መሥራቱን ይቀንስና ቪአይ የተባለ ካባ ይለብሳል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ምልክት ሳያሳይ የሚቆየውም ያለ ነገር አይደለም።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። የ«ኤች» ፀረ እንግዳ አካል ከዳኑ በኋላም በደም ውስጥ ይቆያል፤ ሌሎች ሳልሞኔላዎችም ሊያስነሱት ይችላሉ። ስለዚህ አንድ ወረቀት አይቶ «ታይፎይድ ነው» ብሎ መድኃኒት መዋጥ አያዋጣም። ጀርሙን ራሱን አሳድጎ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ ቀናት ቢወስድም ሐኪሙን «ካልቸር ይሠራልኝ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።