ከእግር ወደ እጅ፦ የውድድር መኪና ሲሙሌተር በቤት ውስጥ

የመኪና ውድድር ሲሙሌተር ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የውድድር መኪና የሚነዳበት መሣሪያ ነው። አራት ነገሮች ይገናኙበታል፦ መኪናውንና መንገዱን የሚያሰላ ኮምፒውተር ወይም ፕሌይስቴሽን፣ የጎማውን ትግል በሞተር ወደ እጅ የሚመልስ መሪ፣ የእግር ፔዳሎች፣ እንዲሁም እነዚህን ከመቀመጫው ጋር አንድ አካል አድርጎ የሚይዝ ፍሬም። ኮክፒት የሚባለው ፍሬሙና መቀመጫው ነው። ገዢዎች አስቀድመው ገንዘባቸውን የሚያፈሱት በመሪው ላይ ነው፤ ፍሬሙ ትዝ የሚላቸው በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት፤ በተለይ መሪው ከውጭ በውድ በሚመጣበት፣ ብረት ቆራጭና በያጅ ግን በየሰፈሩ ባለበት በአዲስ አበባ።

ነገሩን ተራ ጨዋታ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ትክክል ግን አይሆንም። እንግሊዛዊው ያን ማርደንቦሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ግራን ቱሪስሞ በተባለው ጌም በተካሄደ የአሽከርካሪዎች ምልመላ አሸንፎ ወደ እውነተኛ ውድድር ገባ፤ በ2013 ደግሞ የ24 ሰዓቱን የለ ማን ውድድር ሮጠ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና የውድድር ሜዳዎችን ሲዘጋ የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎች ከየቤታቸው በሲሙሌተር ተወዳድረዋል። በአፍሪካ የፎርሙላ ዋን ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካው ካያላሚ ነው። የካያላሚን ኩርባዎች መማር የፈለገ የአዲስ አበባ ወጣት ዛሬ ሌላ ቅርብ መንገድ የለውም።

ከፍሬም መጀመር የሚያስፈልገው ኃይል ስለሚመለስ ነው። ፍሬን በ40 ኪሎ ጉልበት የረገጠ ሰው ያው 40 ኪሎ ተመልሶ ጀርባውን ይገፋዋል። የተቀመጠው ተሽከርካሪ እግር ባለው የቢሮ ወንበር ላይ ከሆነ መኪናው ሳይቆም ወንበሩ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ወንበሩ ባይንሸራተት እንኳ መሪው የታሰረበት ጠረጴዛ ይወዛወዛል፤ የፔዳሉ ሳጥን ከፊቱ ብድግ ይላል። ሞተሩ የጎማውን መንሸራተት ለማሳወቅ የሚልከው ስስ ንዝረትም እጅ ጋ ሳይደርስ ጠረጴዛው ውስጥ ይቀራል። በጠንካራ ፍሬም ላይ የታሰረ ርካሽ መሪ፣ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ካለ ውድ መሪ የበለጠ ይናገራል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ፍሬሙ በአብዛኛው የሚሠራው በየጎኑ ቦይ ካለው የአሉሚኒየም ዘንግ ነው። ብየዳ የለውም፤ ብሎን ፈትቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንሸራተት ይቻላል። ለአዲስ አበባው የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ነዋሪ የሚቀርበው ግን ቱቦላሬ የሚባለው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ነው። ከሳር ቤት እስከ መካኒሳ፣ ወደ ቄራና ጎፋም ሲዘለቅ፣ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራ ብየዳ ቤት አይጠፋም። በር የሠራ ባለሙያ ኮክፒት ለመሥራት የሚጎድለው ልኬቱ ብቻ ነው።

ቱቦላሬ በ6 ሜትር ርዝመት ይሸጣል፤ ለአንድ ኮክፒት ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። 40 በ40 የሆነ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦላሬ በሜትር 2.3 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን 12 ሜትሩ ወደ 28 ኪሎ ይጠጋል። ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ወፍራም ብረት ስጡኝ ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የዚሁ ቱቦላሬ ውፍረት ከ2 ወደ 3 ሚሊሜትር ቢያድግ መጉበጥን የመቋቋም አቅሙ የሚጨምረው በ40 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ውፍረቱን 2 ሚሊሜትር ላይ ትቶ 40 በ80 የሆነውን በቁሙ ማስቀመጥ ግን አቅሙን ከአምስት እጥፍ በላይ ያሳድገዋል፤ ሁለቱ የሚፈጁት ብረት ደግሞ ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ፔዳሉን ከመቀመጫው ጋር የሚያገናኙት ሁለቱ የታች ዘንጎችና መሪውን የሚሸከሙት ምሰሶዎች 40 በ80፣ የቀረው 40 በ40 ቢሆን በቂ ነው። ውፍረቱን ሻጩ በቃሉ ከሚናገር ካሊፐር ቢናገር ይሻላል።

በያጁ አንዱን መገጣጠሚያ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ከሄደ ሙቀቱ ፍሬሙን ያጣምመዋል። መጀመሪያ ሁሉም በነጥብ ብየዳ ይያዛል፤ በስኳድራና በሰያፍ ልኬት ከተረጋገጠ በኋላ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒ ማዕዘን እየተዘዋወሩ መጨረስ ነው። ብረት እንደ አሉሚኒየሙ ስለማይንሸራተት፣ ፔዳሉና መሪው በሚታሰሩበት ቦታ ላይ በየ2 ሴንቲሜትሩ ቀዳዳ በትራፓኖ መደርደር ያስፈልጋል። ይህ ከቀለም በፊት ካልተሠራ በኋላ በሳሎን ወለል ላይ ይሠራል፤ የብረት ብናኙን የሚጠርገው ሰው ደስ አይለውም።

መቀመጫው ከመርካቶ ይመጣል። ያገለገለ የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት በሶማሌ ተራ ከቪትዝ ወይም ከኮሮላ የወጣ የፊት መቀመጫ ከነማንሸራተቻው መግዛት፣ ያንን ክፍል ለብቻው ከማሠራት ያድናል። ሁለት ነገር ግን መታየት አለበት። አንደኛው የጎን ኤርባግ ነው፤ በውስጡ የሚፈነዳ ቅመም ስላለ ሽቦውን መነካካት አደገኛ ነው፤ ኤርባግ የሌለውን መምረጥ ይሻላል። ሁለተኛው ጀርባው ነው። ወደ ኋላ የሚተኛ መቀመጫ ከባድ ፍሬን ሲረገጥ ትንሽ ይለጠጣል። መካከለኛ ፔዳል ለያዘ ሰው ይህ ችግር አይደለም፤ በኋላ ጠንካራ ፍሬን ሲገጠም ግን የጀርባውን ማጠፊያ በብረት መደገፍ ወይም የማይተጣጠፍ የውድድር ወንበር መፈለግ ግድ ይሆናል።

የአቀማመጡ ልኬት ከብየዳው በፊት በእንጨትና በካርቶን ተሞክሮ መወሰን አለበት። ትከሻ ከመቀመጫው ሳይነሳ የእጅ አንጓ በመሪው አናት ላይ ማረፍ አለበት፤ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው ተረግጦም ጉልበት ትንሽ መታጠፍ አለበት። እንደ ፎርሙላ መኪና ተረከዝን እስከ ዳሌ ከፍታ አንስቶ መቀመጥም ይቻላል፤ ቤተሰብ በሚጋራው ክፍል ውስጥ ግን ለመግባትም ለመውጣትም አይመችም።

ፍሬሙ ከቆመ በኋላ የመጀመሪያው ማሻሻያ ፍሬን ነው። ከሎጂቴክ ጂ29 መሪ ጋር የሚመጡትን የመሰሉ ፔዳሎች የሚለኩት ፔዳሉ የተጓዘበትን ርቀት ነው። እውነተኛ መኪና ላይ ግን ፍሬን የያዘ እግር የሚቆጣጠረው ግፊቱን ነው፤ ፔዳሉ ጥቂት ሄዶ ይደነድናል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጉልበት ነው። የሰው ጡንቻም ግፊትን ከርቀት በተሻለ ያስታውሳል። ሎድ ሴል የሚባለው መለኪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ኃይል ሲያርፍበት በማይታይ መጠን የሚጎብጥ ብረት ነው፤ በላዩ የተለጠፈው ስስ ሽቦ አብሮ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል፤ ያ ለውጥ እንዲጎላ ተደርጎ ለኮምፒውተሩ ይላካል። በሱቅ ያሉ የኤሌክትሮኒክ ሚዛኖች ውስጥ ያለው መለኪያም ይኸው ነው። ከዚህ የተነሳ እጃቸው የተፍታታ ሰዎች ሎድ ሴሉን፣ ምልክቱን የሚያጎላውን አነስተኛ ቦርድና አርዱይኖ የተባለውን የመቆጣጠሪያ ቦርድ አገናኝተው ፔዳል ይሠራሉ። ከሎድ ሴሉ ፊት የሚቀመጠው ጠጣር ላስቲክ የእግሩን ስሜት ይወስናል፤ በረባሶ ከሚሠራበት የጎማ ቁራጭ እየተቆረጠ ቢሞከርም ያገለግላል።

የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎች ፔዳሉን ከ100 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይረግጣሉ። ለቤት ከ30 እስከ 60 ኪሎ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ችግሩ ወደ ፍሬሙ ይሻገራል። በዙር ሰዓት ላይ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣውም ይህ ማሻሻያ ነው፤ ፍሬን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ልክ፣ ደጋግሞ መያዝ የቻለ ሰው ኩርባውን በደህና ይወጣል።

መሪው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ሦስት ዓይነት ነው። ጂ29ን በመሰሉት ትንሽ ሞተር በጥርስ ማርሽ በኩል መሪውን ያዞራል፤ ማርሹ ሲንቀጠቀጥ ይሰማል። በሁለተኛው ዓይነት ኃይሉ በቺንጋ ስለሚተላለፍ ይለሰልሳል፣ አንዳንድ ዝርዝርም ይዋጣል። በሦስተኛው፣ ዳይሬክት ድራይቭ በሚባለው፣ መሪው ከሞተሩ ዘንግ ጋር በቀጥታ ይታሰራል፤ በመካከል የሚበላና የሚላላ ነገር የለም። ይህ ዓይነት ለረጅም ጊዜ የባለገንዘብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የጀርመኑ ፋናቴክ 5 ኒውተን ሜትር የሚሰጥ አነስተኛ ሞተር አወጣ፤ የቻይናው ሞዛም ተከተለ፤ ዋጋውም ወረደ።

የመጠምዘዝ ኃይል የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲሜትር በሆነ መሪ ላይ 2 ኒውተን ሜትር ማለት ጠርዙ ላይ 1.4 ኪሎ ያህል፣ 8 ኒውተን ሜትር ደግሞ 5.5 ኪሎ ያህል የሚጎትት ኃይል ነው። ከ8 በላይ ያለው ለብዙ ሰው ትርፍ ነው። ጠንካራ ሞተር የያዘ ሰው አውራ ጣቱን በመሪው ክንዶች ላይ መጠቅለል የለበትም፤ መኪናው ግድግዳ ሲመታ መሪው በድንገት ዞሮ ጣት ሊሰብር ይችላል። ኃይሉ በሶፍትዌር ከልክ በላይ ከተከፈተ ደግሞ ሞተሩ ጣሪያው ላይ ይደርስና በትንሹና በትልቁ ግፊት መካከል ያለው ልዩነት ይጠፋል። ቀንሶ መንዳት የተሻለ ያሰማል።

ስክሪንን በተመለከተ ከስፋቱ ይልቅ ርቀቱ ይወስናል። ባለ 27 ኢንች ስክሪን ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር ነው። ዓይን ከስክሪኑ በ60 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሲሆን በአግድም 53 ዲግሪ፣ 80 ሴንቲሜትር ላይ ሲሆን 41 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። ጌሙ ውስጥ የሚሞላው የእይታ ማዕዘን ከዚህ ጋር ካልተስማማ ፍጥነትም ርቀትም ይዛባል፤ ማዕዘኑ ከልክ በላይ ከሰፋ አሽከርካሪው ኩርባው ከሚገባው በላይ ርቆ ይታየውና ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል። ማዕዘኑን ማስተካከል ገንዘብ አያስወጣም። በሰዓት 200 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 55 ሜትር ከግማሽ ያህል ይጓዛል፤ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ስክሪን ላይ በሁለት ምስሎች መካከል 93 ሴንቲሜትር፣ በ144 ምስል ላይ ደግሞ 39 ሴንቲሜትር ይዘላል።

በዚህ ከተማ ሁለት ነገሮች በመመሪያ ደብተር ላይ የማይገኝ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ለሞተሩም ለኮምፒውተሩም ጠላት ስለሆነ ስቴቢላይዘር ከመሪው ጋር አብሮ በጀት ሊያዝለት ይገባል። ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 2,000 ሜትር እንዲሠራ ብቻ ስለሚሞክሩት፣ ኮምፒውተሩን በኮመዲኖ ውስጥ መዝጋት ወይም የዳይሬክት ድራይቩን ሞተር በጨርቅ መሸፈን አይገባም።

በኢንተርኔት ለሚወዳደር ሰው ርቀት የማይቀር ዕዳ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ 53 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ መስመሩ ደግሞ ቀጥታ አይደለም፣ በጎረቤት አገሮች ዞሮ በባሕር ሥር ኬብል ያልፋል። ጌሞቹ ተፎካካሪው መኪና በሚቀጥለው ቅጽበት የት እንደሚሆን እየገመቱ ክፍተቱን ይሸፍናሉ፤ ግምቱ ሲሳሳት ያልተነካካ መኪና ተጋጨ ይባላል። ከሩቅ ሰርቨር ጋር የሚወዳደር ሰው ከጎኑ ላለው መኪና አንድ ክንድ ያህል ተጨማሪ ቦታ ቢተው ይበጀዋል። ከኮምፒውተር ጋር መወዳደር ኢንተርኔት አይፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጣሊያኖቹ አሴቶ ኮርሳ በመጠነኛ ኮምፒውተር ላይ ዛሬም በደንብ ይሠራል።

ኮክፒቱን የሚያነቃንቁ ሞተሮች የማሻሻያው መጨረሻ ናቸው፤ ለብዙ ቤት ጨርሶ አያስፈልጉም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎች የሚሠለጥኑባቸው ሙሉ የበረራ ሲሙሌተሮች በስድስት እግር ላይ ቆመው በየአቅጣጫው ያዘነብላሉ። እነሱም ቢሆኑ ረጅም ግፊትን መፍጠር አይችሉም፤ ክፍሉን ቀስ ብለው ወደ ኋላ በማዘንበል የመሬት ስበቱን እንደ ፍጥነት መጨመር እንዲቆጥረው ሰውን ያታልሉታል። በቤት ከመቀመጫው ሥር የሚታሰር አነስተኛ የንዝረት ሞተር የመንገዱን ጠርዝና የጎማውን መቆለፍ ለማሳወቅ ይበቃል። በአፓርታማ ለሚኖር ሰው ግን ከፍሬሙ እግሮች ሥር ወፍራም ጎማ ካልገባ ውድድሩን ከታች ያለው ጎረቤትም ይሰማዋል።

ዋጋን በተመለከተ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚመጣው ሁሉ በዚያው ልክ ከብዷል። ስለዚህ ቀስ በቀስ መገንባት ያዋጣል፦ በመጀመሪያ ለወደፊቱ ጠንካራ መሪ የሚበቃ ፍሬምና ያገለገለ የማርሽ መሪ፣ ከዚያ ሎድ ሴል፣ ከዚያ ዳይሬክት ድራይቭ። ፍሬሙ አንዴ ከተሠራ አይቀየርም፤ አሮጌው መሪ ሲሸጥ የአዲሱን የተወሰነ ክፍል ይከፍላል።

ጥገናው ብዙ አይደለም። ንዝረት ብሎኖችን ስለሚያላላ በየጊዜው መጥበቅ አለባቸው፤ የመሪው መያዣ በተለይ። በበጋ አቧራ በርቀት መለኪያ ፔዳሎች ውስጥ ገብቶ ምልክቱን ያዘልላል፤ እግር ሳይነካው ስክሪኑ ላይ ነዳጅ ተሰጠ የሚል ከታየ ፔዳሉ ተከፍቶ የኤሌክትሪክ መገናኛ በሚያጸዳ ስፕሬይ ይጸዳል። ሎድ ሴል የሚፋተግ ክፍል ስለሌለው አቧራ ብዙ አያስቸግረውም፤ ላስቲኩ ግን በጊዜ ብዛት ስለሚጨፈለቅ ይቀየራል።